ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ሰርቨር፦ አክሰስ ክላየንት ሶሉሽንስን ስምንት ወር ተጠቀምኩበት

ጅማ በሚገኝ አንድ የቡና ድርጅት ቢሮ የኮምፒውተር ጉዳይ በሙሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። የመጋዘን ገቢና ወጪያችን የሚመዘገበው ግን አዲስ አበባ፣ ዋናው ቢሮ ባለው ሰርቨር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤኤስ/400 ተብሎ የወጣው የአይቢኤም ማሽን የልጅ ልጅ ነው። ከእኛ ፒሲ ወደ እሱ የሚያስገባን የቴርሚናል ፕሮግራም አክሰስ ክላየንት ሶሉሽንስ ይባላል።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። በጃቫ ስለተሠራ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ይሠራል። የድሮዎቹ ኮምፒውተሮቻችን ላይ ሲከፈት ትንሽ ያስጠብቃል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ፈጣን ነው።

ያሰቃየን ሌላ ነገር ነው። በዕድሜ ከፍ ያሉ የመጋዘን ኃላፊ አሉን፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ስክሪኑ ደርቆ ይጠብቃቸዋል። ዘግተው ሲከፍቱት ደግሞ 8902 የሚል ቁጥር ይመጣል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ዛሬም እምቢ አለኝ» ብለው ይደውላሉ። ሁለት ወር ሙሉ ፕሮግራሙን አጥፍቼ ስጭን ከረምኩ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

አንድ ቀን ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ደቂቃ ሳልነካው ቆየሁ፤ ይሠራል። ስድስት ደቂቃ ቆየሁ፤ ሞቷል። ፒንግ፣ ማለትም «ትሰማኛለህ?» የሚል አጭር የሙከራ መልእክት፣ ስልክለት ግን ሰርቨሩ ይመልሳል። መስመሩ አልተቋረጠም ማለት ነው። የቢሯችን ራውተር አምስት ደቂቃ ዝም ያለን ግንኙነት ከመዝገቡ ይሰርዛል። ሰርቨሩ ይህን አያውቅም። «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው በየ600 ሴኮንዱ ነው፤ ካልተቀየረ የሚመጣው ልክ ይሄ ነው። በመሃሉ የእትዬ ስክሪን ሰርቨሩ ላይ የሚታወቅበት ስም እንደተያዘ ይቆያል። 8902 የሚለውም ይህንኑ ነው፦ በዚህ ስም የሚገባበት ስክሪን አሁን ክፍት አይደለም።

አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዬ በሲኤችጂቴልኤንኤ (CHGTELNA)፣ የሰርቨሩን የግንኙነት ቅንብር በሚቀይረው ትእዛዝ፣ 600ውን ወደ 120 አወረደልኝ። ሰርቨሩ በየሁለት ደቂቃው ስለሚጠይቅ ራውተሩ ግንኙነቱን ዝም አለ ብሎ አይሰርዘውም። በዚያው አጋጣሚ ከፖርት 23 (ፖርት ማለት ግንኙነቱ ሰርቨሩ ላይ የሚገባበት በር ቁጥር ነው) ወጥተን ወደ ተመሰጠረው 992 ተዛወርን። በ23 የይለፍ ቃላችን ሳይመሰጠር ነበር የሚሄደው፤ እስካሁንም ሳስበው ያስደነግጠኛል።

ለአዲስ ተጠቃሚ ሁለት ነገር ልጨምር። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ኤክስ ወጥቶ ኪቦርዱ ከተቆለፈ ኮምፒውተሩን አታጥፉ፤ የግራውን ኮንትሮል ተጫኑ፣ ይለቃል። ኪሎ የሚሞላባቸው አንዳንድ ሳጥኖች ደግሞ በኢንተር ብቻ አይታለፉም፤ ፊልድ ኤግዚት፣ ማለትም ሳጥኑን ሞልቶ መውጫ ቁልፍ፣ ይፈልጋሉ። እኛ የቁጥር ሰሌዳው ላይ ያለችውን የመደመር ቁልፍ ሰጥተነዋል።

ልቤን ያልሞላው ፊደላችን ነው። የእኛ ሲስተም የተዘጋጀው በኮድ ገጽ 37፣ በአንድ የላቲን ፊደላት ሰንጠረዥ፣ ነው፤ እዚያ ውስጥ ግዕዝ የለም። የአቅራቢዎችን ስም በላቲን እንጽፋለን። ፀሐይ የሚለው አንድ ስም ብቻ በሦስት ዓይነት ተጽፎ አግኝቼዋለሁ፤ ያን ቀን ሂሳብ ለማስታረቅ እስከ ማታ አምሽተናል። ይህን የትኛውም የቴርሚናል ፕሮግራም አያስተካክለውም፤ ዳታው ራሱ ግዕዝንም ወደሚይዘው የፊደላት ሰንጠረዥ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ መዛወር አለበት።

የስክሪኑ ነገር ግን አልቋል። እትዬ አሁን ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተው ሲመለሱ፣ ኪሎውን ግማሽ ሞልተው የተዉትን ገጽ እንዳለ ያገኙታል።