ቲዲኤስ ሜትር፦ ለማጣሪያ ፍተሻ እንጂ ለእርሳስ አይሆንም

ሻጮች «የውሃ ንጽህና መለኪያ» የሚሏት እስክሪብቶ መሳይ መሣሪያ፣ ቲዲኤስ ሜትር፣ የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነስታ በሊትር ስንት ሚሊግራም ነገር እንደሟሟ ትገምታለች። እርሳስ የተባለው ብረት በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጣሪያው በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፤ የእሷ ስክሪን ደግሞ በ1 ሚሊግራም ነው የሚቆጥረው። እርሳሱ ጣሪያውን አሥር እጥፍ ቢያልፍም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ፀረ ተባይንማ ጭራሽ አታውቀውም። 400 ያሳየ የጉድጓድ ውሃ ግን ካልሲየምና ማግኒዥየም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በከንቱ ታስደነግጣለች።

የምትጠቅመው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ) ላለው ነው። የገባውንም የወጣውንም ለኩ፦ 300 ገብቶ 30 ከወጣ ሜምብሬኑ ደህና ነው፣ 100 ካለፈ ተዳክሟል። ጫፏን አስቀድማችሁ በሚለካው ውሃ አለቅልቁ፣ የአየር አረፋውንም አራግፉ። ለእርሳስ ግን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ነው፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደውን ያዙ፣ ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ አድሮ ከቱቦው እርሳስ ሊይዝ የሚችለው እሱ ነውና።