ኮምፒውተራችንን ፎርማት ሳታደርግ ላጸዳችልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

"የታመነ የኮምፒውተር ባለሙያ ጠቁሙኝ" የሚል ጥያቄ በየጊዜው አያለሁ። እኔ አንድ ሰው አለችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ መገናኛ አካባቢ የምትሠራ፣ ቤት ድረስም የምትመጣ ወጣት ናት። ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ ራሷ ናት እንዳላደርገው የጠየቀችኝ። ሥራዋ የሰውን መረጃ መጠበቅ ስለሆነ የራሷንም ብትጠብቅ አይፈረድባትም። የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛለሁ።

ባለቤቴ ቤት ሆና የትንንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ ትሠራለች። ሰነድ ለማሳተም ፍላሽ ይዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሄዳለች። አንድ ቀን ይዛው የተመለሰችው ፍላሽ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት አቋራጭ ምልክት) ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ እኛ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ዕጣው ያው ሆነ። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወደ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ገና ሳያበራው "ፎርማት ነው" አለኝ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ዳታውስ ስለው "እንሞክራለን" አለ። የሂሳብ ባለሙያ ያገባ ሰው "እንሞክራለን" የሚለው ቃል ለምን እንዳስደነገጠኝ ይገባዋል። አንስቼ ይዤው ተመለስኩ።

ይቺን ባለሙያ የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። መጥታ ፍላሹን አየት አድርጋ "ፋይሎቹ አልጠፉም ጋሼ፣ ተደብቀው ነው" አለች። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ስሙ አንድ ዓይነት የሆነ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኑ ፎልደሩ ይከፈትላችኋል፤ ከጀርባ ግን ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። ሁሉም ነገር የሚሠራ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳይጠረጥር ለወራት ይዞት ይዞራል።

ፍላሹን ለማጽዳት አልቸኮለችም። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አወጣችና ትርጉም የሌለው ስም ያለው አንድ ፋይል አሳየችን። እሱ ሳይቆም ፍላሹ ቢጸዳ መልሶ ይበክለዋል። አስቆመችው፣ አጠፋችው። ከዚያ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ "አትሪብ" የሚባለውን ትዕዛዝ ጻፈች። አንዲት መስመር ናት። ኢንተር ስትጫን የተደበቁት ፎልደሮች በየስማቸው ብቅ ብቅ አሉ። ባለቤቴ የደንበኞቿን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ቆጠረቻቸው። አንድም አልጎደለም።

ብዙ ባለሙያ እዚህ ጋ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እሷ ግን "በየት በኩል እንደገባ ካላወቅን ነገ ይመለሳል" ብላ ቁጭ አለች። ዊንዶውስ የራሱ ፀረ ቫይረስ አለው፣ ዲፌንደር ይባላል፣ በነጻ ነው። የእኛው እየሠራ ነበር፤ አረንጓዴ ምልክቱ ሳይቀር አለ። ሴቲንጉ ውስጥ "ከፍተሻ ነጻ" የሚደረጉ ነገሮች የሚመዘገቡበትን ቦታ ስትከፍት ሙሉው ሲ ድራይቭ፣ ማለትም ዊንዶውሱ ራሱ ያለበት ዋናው ማከማቻ፣ ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል። ዘበኛው በር ላይ ቆሟል፣ ግን ማንንም እንዳይጠይቅ ታዟል ማለት ነው። ማን አዘዘው? ኮምፒውተሩን ስንገዛው አብሮ የተጫነልን ክራክ፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያስከፍት ሕገወጥ ነገር ነው። ክራክ የሚጭን ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፀረ ቫይረሱን ማሰናከል ነው፤ አለዚያ ዲፌንደር ክራኩን ራሱን ይይዘዋል። ክራኩ ውስጥ ሌላ ነገር ተደብቆ ቢገባ ደግሞ የሚያየው የለም።

የሚያስቀው ነገር ዊንዶውሱ መጀመሪያውኑ ክራክ አያስፈልገውም ነበር። ከውጭ የገባ ያገለገለ የብራንድ ኮምፒውተር ነው። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ሕጋዊው የዊንዶውስ ቁልፍ (ማስከፈቻ ኮዱ) ከፋብሪካ ማዘርቦርዳቸው፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳቸው ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጡት። ያንን አውጥታ አስገባችው፣ ዊንዶውሱ ምንም ሳንከፍል ሕጋዊ ሆነ። ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛችሁ ሰዎች ይሄን አስፈትሹ።

ኦፊሱ (ወርድና ኤክሴል ያሉበት) ግን እንዲህ አልቀለለም። ክራክ የሆነውን አጠፋችው፣ ሌላ ክራክ ጫኚልን ብንላት አሻፈረኝ አለች። ለልጆቹና ለእኔ በእሱ ምትክ በነጻ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስ ጫነች። ለባለቤቴ የግድ ኤክሴል ስለሚያስፈልጋት ገዝተን ነው ያስገባነው። ዋጋው አሞናል፣ አልደብቅም።

ቀጥሎ ዲፌንደርን "ኦፍላይን" በሚባለው ፍተሻ አስኬደችው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይፈተሻል፤ ስለዚህ ተደብቆ የሚሠራ ቫይረስ መሸሸጊያ ያጣል። የተረፈ ነገር አልተገኘም። የከፋ ነገር አግኝታ ቢሆን ኖሮ እሷም ፋይሎቹን አውጥታ ፎርማት ከማድረግ እንደማትመለስ ነግራናለች። ይሄን ማለቷ ነው ይበልጥ እንዳምናት ያደረገኝ። "ሌላ ፀረ ቫይረስ ልግዛ ወይ?" ብያት ነበር። ሌላ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ለቆለት እንደሚወጣ፣ ለእንደኛ ዓይነት ቤት ደግሞ በትክክል የተከፈተ ዲፌንደርና አፕዴት (ማይክሮሶፍት በኢንተርኔት የሚልከው ማሻሻያ) እንደሚበቃ ነገረችኝ። ብትሸጥልኝ እገዛት ነበር።

አፕዴቱ የኢንተርኔት ዳታ እንዳይበላብን ተብሎ ታግዶ ነው የኖረው። በብዙ ቤት እንዲሁ ነው። ይሄኔ ነው የዋናክራይን ታሪክ ያነሳችው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. 150 በሚሆኑ አገሮች ኮምፒውተሮችን የቆለፈ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሥራ ያስተጓጎለ ቫይረስ ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነበር። የእኛ ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የደህንነት አፕዴቱን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያራዝምበት መንገድ አለው፤ እሱ ላይ አስመዘገበችን። ከዚያ በኋላ ወይ ማሽን መቀየር ነው ወይ በዊንዶውስ ፋንታ ነጻ የሆነውን ሊኑክስ መጫን። ከወዲሁ አስቡበት ብላናለች።

የይለፍ ቃል ላይ አልቀለደችም። ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡት በሙሉ ሌላ ሰው እጅ እንደገቡ ቁጠሩ አለችን። አዲሶቹን በዚያው ኮምፒውተር ሳይሆን በስልክ አስቀየረችን፣ ከኢሜይሉ ጀምሮ፤ ኢሜይል የያዘ ሰው የሌላውን ሁሉ ፓስዎርድ መቀየር ይችላልና። ቴሌግራም ላይ "ዲቫይስስ" የሚለውን አስከፍታን የማናውቀው ማሽን ገብቶ እንደሆነ አሳየችን፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም (ከኮዱ በተጨማሪ ፓስዎርድ የሚጠይቀውን) አስበራችን። "ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ" እያለ የሚመጣው ሊንክ የሰው አካውንት በቀላሉ የሚነጥቀው ይሄ ሳይበራ ሲቀር መሆኑን ያኔ ነው የተረዳነው።

እናቴ ደግሞ የራሷ ስሞታ ነበራት። ላፕቶፑ ላይ መዝሙር ስታዳምጥ ጥግ ላይ "ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል" የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ይመጣባታል። የልጅ ልጆቿ እያነበቡላት ስትጨነቅ ከርማለች። ባለሙያዋ አጠገቧ ተቀምጣ "እማማ፣ ይሄ ቫይረስ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው" አለቻት። አንድ ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ልላክ ብሎ ሲጠይቅ "አላው" ተብሎለታል፤ በቃ። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ፈቃዱን ሰረዘችና ሌላ ድረ ገጽም ሁለተኛ እንዳይጠይቅ ዘጋችው። እናቴ መረቀቻት። ምርቃቱ ከክፍያው ሳይበልጥ አይቀርም።

ለልጆቹ ፕሮግራም መጫን የማይችል የራሳቸውን አካውንት ከፈተችላቸው። ትልቁ ጌም ባሰኘው ቁጥር እኔን መለመን ግድ ሆኖበታል፤ እስካሁን አኩርፏል። ራውተሩ ላይ ከጀርባው የተለጠፈውን የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ ቀየረች። ከጎረቤት ጋር ዋይፋይ እንደምንጋራ ስነግራት ከልክሉ አላለችም። "ጌስት" የሚባለውን ለብቻው ከፍታ እነሱን ወደዚያ አዛወረቻቸው፤ ኢንተርኔቱን ያገኛሉ፣ የእኛን ማሽኖች ግን አያዩም። ጉርብትናችንንም አተረፈችልን።

ባክአፑ፣ ማለትም የፋይሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ፣ በውጭ ሃርድ ዲስክ ነው። ባለቤቴ አርብ አርብ ሰክታ ትገለብጥና ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። መነቀሉ ግዴታ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢመጣ የተሰካውን ዲስክም አብሮ ይቆልፈዋል።

እንዳትታዘቡኝ ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ስልክ ቶሎ አታነሳም፤ ቴክስት ይሻላል። ቀጠሮ ለማግኘትም ትንሽ ትጠብቃላችሁ። ሥራዋ ዝግ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ነገር ካላሳየቻችሁ አትሄድም፣ "አንቺ ብቻ ጨርሺው" የሚል ሰው ይሰለቻል። ክፍያዋ ያ ሱቅ ለፎርማት ብቻ ከጠራልኝ ትንሽ ከፍ ይላል። ክራክ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ባይደውልላት ይሻላል፣ ጊዜ ማባከን ነው። ከመምጣቷ በፊት ባዶ ሃርድ ዲስክ አዘጋጁ፣ የተጠረጠረ ፍላሽ ካለም ሁሉንም ሰብስባችሁ ጠብቋት፤ አንዱ ከቀረ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽው እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለቤቴ የግብር ወቅት ሳይደርስ የእህቷንም ላፕቶፕ እንድታይላት ትፈልጋለች፤ ቀን ቁረጪልን።