ለዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ የሚገጠም የኢንኮደር ስብስብ፦ ከአራት ወር አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

መስታወቱ 254 ሚሊሜትር በሆነው ዶብሶኒያን ቴሌስኮፔ (በእጅ እየተገፋ በሚዞር የእንጨት ሳጥን ላይ የተቀመጠ ቴሌስኮፕ) ላይ የገጠምኩት ይህ ስብስብ ሁለት ኢንኮደሮች (ዘንግ ምን ያህል እንደዞረ የሚቆጥሩ መሣሪያዎች፤ አንዱ ለጎን ዙር፣ ሌላው ለከፍታ)፣ አነስተኛ የማንበቢያ ሳጥንና የማገናኛ ገመዶች አሉት። ተጠቃሚው ቴሌስኮፑን በእጁ እየገፋ የማንበቢያ ሳጥኑ ስክሪን ላይ የሚታዩት፣ ወደሚፈለገው አካል የቀረውን መዞር የሚያሳዩት ሁለት ቁጥሮች ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ያዞረዋል፤ በዚያን ጊዜ የፈለገው የሰማይ አካል በመመልከቻው ውስጥ መገኘት አለበት። ከአራት ወር በኋላ የምሰጠው ፍርድ፣ ኢንኮደሮቹ በጣም ጥሩ ናቸው፣ አብረዋቸው የመጡት የመግጠሚያ ብሎኖችና መመሪያው ግን አይመጥኗቸውም የሚል ነው። ኤሌክትሮኒክሱ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው የተዘጋጀሁት ዕቃ ዋና ችግሩ የአንዲት ትንሽ ብሎን መላላት እንደነበረ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ችግሩ የታየው በመጀመሪያው ምሽት ነው። ቬጋና አርክቱሩስ የተባሉትን ደማቅ ኮከቦች መነሻ አድርጌ ካስተካከልኩ በኋላ በሁለቱ መካከል ወደሚገኘው የከዋክብት ክምችት፣ ወደ ኤም 13 ስሄድ፣ ስክሪኑ ሁለቱንም ቁጥሮች ዜሮ እያለ በመመልከቻው ውስጥ ግን ክምችቱ አልነበረም። በኋላ በእጄ ፈልጌ ሳገኘው ሁለት ዲግሪ ያህል ርቆ ነበር፤ ባለ 25 ሚሊሜትር መመልከቻዬ የሚያሳየኝ ደግሞ የአንድ ዲግሪ ስፋት ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ስህተቱ ቋሚ አለመሆኑና ቴሌስኮፑን ባዞርኩት ቁጥር እያደገ መሄዱ ነበር።

መመሪያው ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር እንኳ ስለሌለው የኢንኮደሩን አሠራር እዚህ መግለጽ ተገቢ ይመስለኛል። በውስጡ ጥቃቅን መስመሮች ያሉት ዲስክ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፤ ሁለት የብርሃን ዳሳሾች ደግሞ መስመሮቹን ሲያልፉ ይቆጥራሉ። የሁለቱ ምልክት ከአንድ መስመር እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት ሩብ ያህል ስለሚቀዳደም ሳጥኑ የትኛው እንደቀደመ በማየት የመዞሪያውን አቅጣጫ ይለያል። 2048 መስመር ያለው ዲስክ በዚህ ዘዴ በአንድ ሙሉ ዙር 8192 ቆጠራ ይሰጣል፤ አንዱ ቆጠራ ከዲግሪ አንድ ሃያኛ እንኳ ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ዲግሪ መሳሳት ማለት ከአርባ በላይ ቆጠራ የሆነ ቦታ እየጠፋ ነው ማለት ነው።

የጠፋበትን ቦታ ያገኘሁት በቀን ብርሃን ነው። በማይዞረው የታችኛው ጣውላና ቴሌስኮፑን ይዞ በላዩ በሚዞረው የእንጨት ሳጥን ላይ ትይዩ የእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ ቆጠራውን ዜሮ ካደረግሁ በኋላ ምልክቶቹ እንደገና እስኪገጥሙ ድረስ አንድ ሙሉ ዙር አዞርኩት። በመጀመሪያው ዙር 8131፣ በሁለተኛው 8104 አነበብኩ። ልዩነቱ በየዙሩ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ በማንበቢያ ሳጥኑ ውስጥ የተሞላው የቆጠራ ልክ ተሳስቷል እል ነበር፤ መለዋወጡ ግን አንድ ነገር እየተንሸራተተ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያም በኢንኮደሩ ዘንግና በያዘው ቀለበት ላይ በስል ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ከአራት ዙር በኋላ መስመሩ ተሰብሮ ሁለቱ ክፍሎች ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ተለያይተው ነበር። ይህች በዓይን ለማየት የምታስቸግር ክፍተት ናት ሌሊት ኤም 13ን የምትሰውርብኝ።

ቀለበቱን ከዘንጉ ጋር የምታጣብቀው ብሎን ለስላሳ ብረት ስለሆነች ክብ በሆነው ዘንግ ላይ አጥብቃ አትይዝም። በጠንካራ ብሎን ቀየርኳት፤ ኢንኮደሩን የብረት ብናኝ እንዳይገባበት በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ ዘንጉን ከኢንኮደሩ ራቅ ባለ ቦታ ላይ በሞረድ ትንሽ ጠፍጣፋ ፊት አወጣሁለት። የመሃሉን ፐርኖ ዳዶም አጠበቅሁ፤ ፐርኖው ከጣውላው ጋር ጸንቶ ካልቆመና ከእንጨት ሳጥኑ ጋር አብሮ ትንሽ እንኳ ከዞረ የዙር ቆጠራው ይጎድላልና። ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ አዞርኩት፤ ከአንድ ቆጠራ በላይ ልዩነት አላየሁም።

የከፍታው ኢንኮደር ችግር ሌላ ነበር። ዘንጉ በቱቦው የጎን ክብ መሃል ላይ በትክክል መቀመጥ ይኖርበታል፤ አካሉን እንዳይዞር የሚይዘው ክንድ ደግሞ በስንጥቁ ውስጥ በነፃነት መንሸራተት አለበት። እኔ ዘንጉን አንድ ሚሊሜትር ያህል ከመሃል አስወጥቼ ነበር። የክንዱ ርዝመት 150 ሚሊሜትር ስለሆነ ይህ ብቻ የዲግሪ አንድ ሦስተኛ ያህል ስህተት ያስከትላል፤ ይህም የጨረቃን ስፋት ከግማሽ በላይ ነው። ክንዱን የያዘውን ፒን ሳላላ፣ ዘንጉንም በራንዴላ ወደ መሃል ስመልሰው ስህተቱ ጠፋ። ማስተካከያው ሲጀመር ቱቦው በአግድም መቆም ስላለበትም በግምት ማስተካከሉን ትቼ ውሃ ልክ መጠቀም ጀመርኩ።

በገመዶቹ ላይ ብዙ ቅሬታ የለኝም። አንድ ምሽት ብቻ የከፍታው ቁጥር በአንድ ቆጠራ ወደፊትና ወደኋላ እየዘለለ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ቆመ። ከሁለቱ ዳሳሾች የአንዱ ምልክት ሲቋረጥ የሚታየው ይህ ነው፤ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ስሰካው ተስተካከለ። ገመዱን በእጅ እያንቀሳቀሱ ቁጥሩን መመልከት ይህን ዓይነት ብልሽት በደቂቃ ያሳያል።

አሁን ኤም 13 በመጀመሪያው ሙከራ በመመልከቻው ውስጥ ይገባል፤ ከራስ በላይ ወደሆነው የሰማይ ክፍል ስቃረብ ብቻ ጥቂት ፈልጌ የማገኘው ነገር ይኖራል። ሞረድ ለማንሳትና አንድ ቀን ለምርመራ ለማዋል ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ስብስቡን ያለማመንታት እመክራለሁ። ከሳጥኑ አውጥቶ በዚያው ምሽት ሊመለከትበት ለሚያስብ ግን፣ አምራቹ ብሎኖቹን እስኪቀይርና መመሪያው ላይ የሙሉ ዙር ምርመራን እስኪጨምር ድረስ፣ እንዲገዛው አልመክርም።