ኪሴ ውስጥ ሳላዛት የምትበራው የእጅ ባትሪ

መስከረም ላይ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚኒባስ ስጓዝ፣ ደንገጎን እየወጣን ሳለ ቀኝ ጭኔን ሙቀት ሙቀት አለኝ። መጀመሪያ ከሞተሩ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ያንን ጠመዝማዛ ሲወጣ ሚኒባስ መጋሉ፣ ግለቱም በወንበሩ ሥር አድርጎ ተሳፋሪው ዘንድ መድረሱ ለመንገዱ ደንበኛ አዲስ ነገር አይደለም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን ወደ ሱሪዬ እየተመለከቱ «ልጄ፣ ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው የሚበራው?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ኪሴ እንደ ፋኖስ በርቷል። እጄን ስሰድ ጣቴን ለበለበኝ፤ እንደምንም ጎትቼ ሳወጣት የኪሴ ገበር ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ቡናማ ጠባሳ ትታ ነበር። ባትሪዋን ከገዛኋት ገና አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው።

እነሆ ስምንት ወር ሆነ። በእነዚህ ወራት ስንት ጊዜ እንዳበራችልኝ ብጠየቅ ቁጥሩን አላውቀውም፤ ሳላዛት ስንት ጊዜ እንደበራች ግን ጣቴን እያጠፍኩ መቁጠር እችላለሁ፤ ሰባት ጊዜ።

ርዝመቷ ከመሃል ጣቴ ብዙም አይበልጥም። አካሏ አሉሚኒየም ነው፤ ማብሪያዋ እንደ ድሮዎቹ ባትሪዎች ከኋላዋ ሳይሆን ከጎኗ፣ አንገቷ ሥር ተቀምጧል። ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን በሚባለው ገበያ 1,900 ብር ከፍዬባታለሁ። ለአንድ የእጅ ባትሪ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣቴን ለባለቤቴ ያስረዳሁት በሥራዬ አሳብቤ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው መስኮት አልባ ነው፤ ካርቶኑም እስከ ላይ ተደርድሯል። መብራት በርቶ እንኳ ታችኛው መደርደሪያ ጥግ ያለውን የዕቃ ቁጥር ማንበብ ያስቸግራል፤ መብራት ሲሄድማ ደንበኛውን በር ላይ አቁሞ መዳበስ ነው።

ሻጩ ስለ ሥራዬ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «አቦ፣ አንድ ሺህ ሉመን ነው! የመኪና መብራት በለው!» እያለ በጠራራ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ አበራብኝ። ያን ዕለት ዝም ብዬ ከፈልኩ፤ ዛሬ ግን በሐሳቤ ፊቱ ቆሜ ልሟገተው። ሉመን ማለት ከባትሪዋ የሚወጣው ብርሃን ድምር ነው፤ ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ ለብቻው የሚለካ ጉዳይ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 120 ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ኤፍ ኤል 1 የሚባል የአሜሪካ መለኪያ ተከትሎ ከሆነ፣ ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ላይ ሲለካ ወደ ሩብ ሉክስ እስኪወርድ ድረስ ያለው ርቀት ነው፤ ይህም በጠራ ሰማይ የሙሉ ጨረቃን ብርሃን ያህል መሆኑ ነው። በ120ኛው ሜትር ላይ አንድ ሰው መቆሙን ትገምት እንደሆነ እንጂ ወንድምህ ይሁን ጎረቤትህ አትለየውም። «ይህን ያህል ሰዓት ትቆያለች» የሚለውም ቢሆን ብርሃኑ ከመነሻው አንድ አሥረኛ እስኪቀር ድረስ ተቆጥሮ ነው። አንድ ሺሁ ሉመን ደግሞ ይህችን በምታክል ትንሽ ዕቃ ላይ ዕድሜ የለውም፤ ግለቱን የምታስወጣበት ሰፊ አካል ስለሌላት ራሷን ለማዳን ብርሃኗን ወዲያው ትቀንሳለች። በዚህ በግንቦት ቀትር መጋዘን ውስጥ በሰዓቴ ይዤ ቆጥሬያታለሁ፤ አርባ ሰከንድ አልሞላችም። እንግዲህ ያ የተፎከረለት አንድ ሺህ ሉመን በተጨባጭ የሠራልኝ ሥራ ቢኖር ሱሪዬን ማቃጠል ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ብርሃኑን ጠጥቶ ይግላልና።

አንድ ነገር ላይ ግን ሻጩ ልክ ነበር፤ ባይነግረኝም ልክ ነበር። ባትሪዋ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ትቀበላለች። አንደኛው በየሱቁ የሚሸጠው፣ ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት የምንገዛው ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ነው። ሁለተኛው 14500 የሚባለው፣ ቻርጅ የሚደረገው ሊቲየም ነው፤ 14 ስፋቱን፣ 50 ርዝመቱን በሚሊሜትር ይናገራል፤ ስለዚህ ሁለቱ በመልክ መንትያ ናቸው። በጉልበት ግን አይገናኙም፤ ሊቲየሙ 3.7 ቮልት ነው፣ ሞልቶ ሲወጣ 4.2 ይደርሳል፤ ተሳስቶ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ቢገባ ሰዓቱን ይጨርሰዋል። እኔ ሊቲየሙን እጠቀምና ሲያልቅ ከሰፈር ሱቅ ድንጋይ ገዝቼ እከታለሁ፤ ብርሃኗ ይቀንሳል እንጂ ጨለማ ውስጥ አትጥለኝም። ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳዋ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ ከሆነው ከአዲሱ የስልኬ ገመድ ጋር አይስማማም፤ የድሮውን፣ ባንድ ወገኑ ሰፊ የሆነውን ገመድ ይፈልጋል። ቻርጀሩ ዕቃ መሰካቱን የሚያውቅባቸውን ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች ለቁጠባ ብለው ሳይገጥሙባት ቀርተዋል። ይህን ይቅር ብያታለሁ።

ይቅር ያላልኩት ማብሪያዋን ነው። የድሮው የእጅ ባትሪ ማብሪያ በአውራ ጣት የሚገፋ ብረት ነበር፤ ካልገፋኸው አይሄድም፣ ከገፋኸው ቀጭ ብሎ ይነግርሃል። የዚህች ግን ለስላሳ ጎማ ነው፤ መብራቱን በራሱ አያገናኝም አይለያይም፤ ውስጥ ላለች ትንሽ ሰርኪዩት ምልክት ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ሰርኪዩቷ ሌሊትም ቀንም ምልክት ስትጠብቅ ነቅታ ታድራለች፣ በጠፋችበት ሰዓትም ከድንጋዩ ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች። ጎማው ከአካሏ ወደ ውስጥ ገባ ቢል ኖሮ ነገሩ ባልከፋ ነበር፤ ይኼኛው ግን የምስር ፍሬ ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። ኪስ ውስጥ የቤት ቁልፍ ሲነካው፣ ባጃጅ ላይ ጉልበት ታጥፎ ሱሪ ሲወጠር፣ ለእህል ከረጢት ጎንበስ ሲባል ምልክቱ ይደርሳታል። ረጅም ጫና ደግሞ በቀጥታ ወደ ከፍተኛው ብርሃን ነው የሚወስዳት። ይህን ያቀደው መሐንዲስ ሱሪ ለብሶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከደንገጎው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት መጋዘን ውስጥ መብራት ሄደ፤ ባትሪዋን አውጥቼ ብጫናት ድንጋዩ አልቆ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ስተኛ ከፍራሹ ጋር ተጣብቃ ስትበራ ቆይታለች ማለት ነው። ያን ቀን ልመልሳት ታይዋን ድረስ ሄጄ ነበር፤ ሻጩ «ኪስህ ነው እንጂ ባትሪው ምን አደረገ?» ብሎ ሳቀብኝ።

መፍትሔውን ያሳየኝ መጋላ ውስጥ የእጅ ሰዓት የሚጠግን ሰው ነው። ባትሪዋን ተቀብሎ የኋላ ክዳኗን ሩብ ዙር ያህል አላላውና ማብሪያውን ደጋግሞ ተጫነው፤ አልበራችም። መልሶ አጠበቀው፤ በራች። ምሥጢሩ ጥርሱ ላይ ነው። አሉሚኒየሙ አኖዳይዝ ተደርጎ ተለብጧል፤ ልባጩ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ልባጩ የተነሣለት የቱቦዋ ከንፈር ብቻ ስለሆነ፣ ክዳኑ ከንፈሩን ሲነካ መስመሩ ይገናኛል፤ ሩብ ዙር ሲላላ ይለያያል። እግረ መንገዱንም ያ ነቅቶ የሚያድረው ሰርኪዩት ምግቡ ይቋረጥበታል። እኔ ይህን በካርቶኑ ውስጥ ከነበረችው የአጠቃቀም ወረቀት ላይ ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ሰዓት ጠጋኙ ግን ገንዘብ እንኳ አልተቀበለኝም። ሁለት ወር ሙሉ ክዳኗን አላልቼ ኪሴ ከትቼ በሰላም ተኛሁ፣ በሰላም ተነሣሁ። ያኔ ይህን ግምገማ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ውዳሴ ይሆን ነበር።

በጥር አንድ ቅዳሜ ማታ ሐረር ጀጎል ውስጥ ከአክስቴ ቤት ወጣሁ። ቤታቸው ከኤረር በር ብዙም አይርቅም። ሰፈሩ መብራት አልነበረውም። በግራ እጄ አክስቴ ለልጆቼ ብለው የቋጠሩልኝን ምግብ፣ በቀኜ ባትሪዋን ይዤ ጠባቡን መተላለፊያ ገባሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ዝም። ክዳኗ የላላ መሆኑን ያስታወስኩት ከፊቴ ላስቲክ ሲቀደድ ከሰማሁ በኋላ ነው። ክዳን ለማጥበቅ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ድንጋያማው መንገድ ላይ ደግሞ ቋጠሮውን ማስቀመጥ አልፈለግሁም። ባትሪዋን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ አንገቷን በጥርሴ ነክሼ፣ ኋላዋን በቀኝ እጄ አዞርኩት። በበራች ጊዜ በከፍተኛው ብርሃን ነበር፤ ኖራ የተቀባው ግንብ ብርሃኑን መልሶ ዓይኔ ላይ ደፋብኝና ለጥቂት ጊዜ ነጭ ነገር ብቻ አየሁ። ነጩ ሲገፈፍልኝ ሁለት ዓይኖች መሬት አጠገብ ያበራሉ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባስገነቡት ግንብ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ጅብ እንደሚያሳልፉ ሐረር ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ የከተማው ሰው ከጅብ ጋር ስለለመደም ማንም አይጮህም። ጅቡ ላስቲኩን ትቶ፣ ከእኔ በበለጠ እርጋታ፣ በጎኔ አለፈ።

ተመልሼ ለአክስቴ ስነግራቸው የጠየቁኝ ስለ ጅቡ አይደለም። «ስልክህ መብራት የለውም እንዴ?» አሉኝ። አለው። ይህን ጥያቄ ከእርሳቸው በፊትም በኋላም ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ነገር ግን መብራት በሄደበት ሌሊት የስልክን ቻርጅ ለመብራት ማዋል ለእኔ የመጠጥ ውኃን ለእግር መታጠቢያ እንደ ማድረግ ነው፤ በዚያ ላይ መጋዘን ውስጥ ሁለት እጄ ካርቶን ሲይዝ ስልክ በጥርስ አይነከስም። ባትሪዋ ላይ የምወደውም ከአንድ ሺሁ ሉመን ተቃራኒ የሆነውን፣ የመጨረሻውን ደካማ ብርሃኗን ነው። ሻጩ ጭራሽ ያላሳየኝ ይህን ነው። ሕፃኑን ሳልቀሰቅስ ጡጦ የምፈልገው፣ ሌሊት ከፍሪጅ ውኃ የማወጣው፣ የዕቃ ቁጥር የማነብበው በእርሱ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ብጠቀምበት ድንጋዩ ጎደለ አይልም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ኪስ ተመለሰ። ክዳኑን ካላላሁ በአንድ እጅ አትበራም፤ ካላላላሁት ደግሞ ሱሪ ታቃጥላለች። በሸሚዝ ኪስ በክሊፗ ሰካኋት፤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጭንቅላቷ ስለሚከብድ ወደቀች። ማታ ቤት ውስጥ ሽርጥ ሳገለድም ደግሞ ጭራሽ ኪስ የለም፤ እጥፉ ውስጥ ብሸጉጣት ስነሣ መሬት ነች። የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን ሽርጥ እንደሚያስለብስ አስቦ የሠራት የለም ብዬ ብቻዬን አጉረመረምኩ።

መጋቢት ላይ ሐረር ስመለስ ሱሪዬን ይዤ መኪና ግርግር ወረድኩ። ስሙ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ የሰጠው ሰፈር ነውና ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። አንድ ልብስ ሰፊ ባትሪዋን ተቀብለው በሜትር ለኩ፤ ማብሪያዋን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ሳቁ። «ችግሩ ስፋቱ ነው፤ ኪስህ ውስጥ ትዞራለች» አሉኝ። በቀኝ ኪሴ ውስጥ ሌላ ጠባብ ኪስ ሰፉ፤ ወፍራም የጂንስ ቁራጭ ነው፣ የብዕር ማኅደር ይመስላል፤ ማብሪያዋ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ጨርቁን በሁለት ጎን አጥፈው ከፍ አደረጉት፤ ጎማው በሁለቱ እጥፎች መካከል ተቀምጦ ምንም አይነካውም። ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ ኋላዋ ወደ ላይ ነው። 80 ብር ከፈልኩ። ባትሪዋን የሠራው ፋብሪካ ጎማውን ምስር ታህል ወደ ውስጥ ቢያስገባው ኖሮ ያወጣው የነበረውን ወጪ እንጃ፤ እኔ ግን በ1,900 ላይ 80 ጨምሬ የፋብሪካውን ሥራ ጨረስኩለት።

ከዚያ ወዲህ ሰባተኛው ቁጥር ስምንት አልሆነም። ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ እርሷን የመሰለች ልግዛ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ የመጣልኝ መልስ «ሱሪህን ይዘህ ሂድ» የሚል ነው። በምሬት ሳስባት ገንዘቤን የበላች ትመስለኛለች፤ ትናንት ግን መጋዘን ውስጥ መብራት ሲሄድ ጣቴ ራሱ ጠባቡን ኪስ አገኘው፣ በአንድ እጅ አወጣኋት፣ በደካማው ብርሃን አበራሁ፣ ደንበኛው የፈለገውን ፍሬን ሸራ ቁጥር አንብቤ ሰጠሁት። ሁለተኛው ሱሪዬ ኪስ አልተሠራለትም፤ ከእርሱ ጋር ስወጣ አሁንም ክዳኑን አላላለሁ። ቅዳሜ ሐረር ስሄድ እርሱንም ይዤ እወርዳለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ሽርጡንም ጨምር ብላኛለች።