ባኽን እንዳለ፣ ከዚያ የራሱን፦ የብራድ ሜልዳው «አፍተር ባኽ»

ክላሲካልና ጃዝ ተቀላቀለ ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው የጀርመኑ የክላሲካል አቀናባሪ ባኽ ላይ ድራምና ቤዝ ተጨምሮበት ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ሉሲዬ እ.ኤ.አ. በ1959 በትሪዮ የጀመረው መንገድ ነው። ያምራል፤ እኔን ግን ቶሎ ይሰለቸኛል። አሜሪካዊው ፒያኒስት ብራድ ሜልዳው በ2018 ያወጣው «አፍተር ባኽ» ሌላ ነገር ነው። ባኽን አይነካካውም። መጀመሪያ የተጻፈውን እንደተጻፈ ይጫወተዋል። ቀጥሎ ከዚያው የፈለቀ የራሱን ሥራ ያመጣል። ብቻውን፣ በአንድ ፒያኖ።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎኔ ውስጥ ልጆችን ኪቦርድ አስተምራለሁ። ኖታውን ካጠኑ በኋላ «እስቲ አሁን የራሳችሁን ጨምሩበት» ስላቸው ይደነግጣሉ። አንዷማ «ቲቸር፣ ክላሲካል እኮ አይነካም!» አለችኝ። ባኽ ራሱ በ1747 ፖትስዳም ላይ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ የሰጠውን ዜማ ይዞ፣ እዚያው በቆመበት ባለ ሦስት ድምፅ ፉግ (አንዱን ዜማ የተለያዩ ድምፆች ተራ በተራ እየተቀባበሉ የሚያዳብሩበት ሥራ) እንደፈጠረ ነገርኳት። ሥርዓቱን ጠብቆ ቅኔ እንደሚዘርፍ ሰው ማለት ነው። ከዚያ ይህን አልበም ከፈትኩላት።

የጀመርነው ባኽ ፕሪሉዶችንና (አጫጭር መግቢያ ሥራዎችን) ፉጎችን በሁለት መጽሐፍ ከሰበሰበበት «ዌል ቴምፐርድ ክላቪየር»፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ ሦስተኛ ፕሪሉድ ነው፤ ሰባት ሻርፕ (ኖታን በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ምልክት) ያለው፣ ተማሪ ኖታውን አይቶ የሚሸሸው። ቀኝ እጅ የሚሮጠውን ትንሽ ቆይቶ ግራው ይቀበለዋል። ሜልዳው ጥርት አድርጎ፣ ሳይቸኩል ይጫወተዋል። ወዲያው የራሱ «ሮንዶ» ይከተላል። ሩጫው ያው ነው፤ ምቱን ልቁጠር ስል ግን ያመልጠኛል።

ለእኔ የአልበሙ ልብ ከሁለተኛው መጽሐፍ የተወሰደው የጂ ማይነር ፉግ ነው። የፉጉ ዜማ አንዱን ኖታ ደጋግሞ ይመታል፤ ልክ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። አራት ድምፆች ተራ በተራ ይህንኑ ይዘው ይገባሉ። ቀጥሎ በሚመጣው «ኦስቲናቶ» ውስጥ ያ ድግግሞሽ ለእኔ አሁንም ይሰማኛል። ባኽ እያንዳንዱን ድምፅ አስሮ የያዘበትን ቦታ ሜልዳው ይለቀዋል፤ መሠረቱ ግን አይናድም። ኢምፕሮቫይዜሽን ማለት የመጣልህን ሁሉ መጫወት እንዳልሆነ ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ሁሉም እኩል አልያዘኝም። «ድሪም» የተባለው የራሱ ሥራ በጣም ይንዛዛል። ከእሱ በፊት ያለው የኤፍ ማይነር ፉግ ራሱ ከባድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጆሮ እረፍት ይፈልጋል፣ አያገኝም።

ስታዳምጡ ሁለት ነገር አደራ። በስልክ ስፒከር አትስሙት። እኛ ሰፈር ቀን ቀን ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ሲጮህ የግራ እጁ ጨርሶ አይሰማም፤ ኢርፎን የግድ ነው። ሌላው፣ አፑ ዘፈኖቹን እንዳያዘበራርቅባችሁ። የባኽ ሥራ ከሜልዳው መልስ ከተለየ አልበሙ ምንም ትርጉም የለውም።

በ2024 ሁለተኛው ወጥቷል። እዚያ ላይ በባኽ የጎልድበርግ ዜማ ተነስቶ የራሱን ቫሪየሽኖች (አንዱን ዜማ በተለያየ መልክ መለዋወጥ) ይሠራል። እሱም ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሙሉውን ለመስማት ጊዜ የሌለው ሰው ከአሥረኛው ትራክ፣ ከጂ ማይነር ፉጉ፣ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይስማ።