ዘፈናችሁን ከቤት ሰርቨር ለመስማት፦ ናቪድሮም፣ ፕሌክስ ወይስ ናስ?

«ናስ ልግዛ ወይስ ፕሌክስ ይበቃኛል?» ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ባብዛኛው ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖች፣ የድሮ ሲዲዎችና ከየፍላሹ የተጠራቀመ ኤምፒስሪ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉንም አንድ ቦታ አድርገው ከየትኛውም ክፍል በስልክ መስማት ይፈልጋሉ። ናስ ማለት ዲስክ ይዞ ፋይሎችን ለቤቱ ሁሉ በኔትወርክ የሚያካፍል ሳጥን ነው፤ ፕሌክስ ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ዘፈንና ፊልም ወደ ስልክ የሚልክ ፕሮግራም ነው። መልሴን ቀድሜ ልናገር፦ ያረጀ ላፕቶፕ ፈልጉ፣ ዘፈኑን ወደ ስልክ የሚልከውን ናቪድሮም የሚባል ፕሮግራም ጫኑበት፣ ገንዘባችሁን ዲስኩ ላይ አውሉት።

መጀመሪያ ዋጋ። ናቪድሮምና ፊልምም የሚያጫውተው ጄሊፊን ነጻ ናቸው። ፕሌክስ ሳይከፈልበትም ሙዚቃ ያጫውታል፤ የዕድሜ ልክ ፕሌክስ ፓስ (ተጨማሪ አገልግሎቶችን የሚከፍተው ክፍያ) ግን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ከ120 ዶላር ገደማ ወደ 250 ገደማ ዘሏል። ሩን የሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም የዕድሜ ልክ ዋጋው ከ800 ዶላር በላይ ነው። በዚያ ገንዘብ ስንት ዲስክ ይገዛል! ሁለት ዲስክ የሚይዝ ትንሽ የሲኖሎጂ ናስም ውጭ አገር 200 ዶላር አካባቢ ነው፤ ያውም ባዶውን፣ ዲስክ ሳይጨመር። እዚህ ያለ ሰው ደግሞ በዶላር የሚከፍልለት ዘመድ መፈለግ አለበት።

ናቪድሮም በጣም ቀላል ፕሮግራም ነው። አስር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ላይ ያለችግር ይሰራል። ስልክ ላይ ሰብሶኒክ በሚባለው የጋራ መግባቢያ የሚሰሩ መተግበሪያዎች ሁሉ ይገናኙታል፤ ለአንድሮይድ ሲምፎኒየም ጥቂት ዶላር ነው፣ ለአይፎን አምፐርፊ ነጻ ነው። ፕሌክስ የሚያስገባችሁ በኩባንያው አካውንት በኩል ስለሆነ፣ ቀድማችሁ ካላስተካከላችሁት ኢንተርኔት ሲቋረጥ የገዛ ዘፈናችሁን ሊከለክላችሁ ይችላል። ይህን እኔ አልቀበልም። ፊልምም አብሮ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ጄሊፊንን ይውሰድ።

ለእኛ አገር ሰው ውሳኔውን የሚቆርጠው መብራት ነው። ናስ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ይፈልጋል፣ ሌላ ወጪ። ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒዩተርም ያው ነው፤ ሚሞሪ ካርዱ በድንገተኛ መጥፋት ይጎዳል። ላፕቶፕ ግን ባትሪውን ይዞ ነው የሚመጣው። በዩኤስቢ የሚሰካው ትንሹ ኤክስተርናል ዲስክም ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ አብሮ ይተርፋል። ላፕቶፑ ከፈቀደ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጉ። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ግን በዚያው ቀን ይውጣ፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አሁን ወደ ዲስኩ። ሰው ገንዘቡን የሚያቀልጠው እዚህ ነው። አንድ ጓደኛዬ «16 ቴራ» የተባለ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) በርካሽ ገዛ። የመጀመሪያዎቹ አልበሞች በደንብ ተጫወቱ፤ የኋለኞቹ ስማቸው አለ፣ ድምፅ የለም። ጠጋኙ ሲከፍተው ውስጡ ያለው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ነበር። እንዲህ ያለው ዲስክ መጠኑን ለኮምፒዩተሩ ዋሽቶ ይነግራል፣ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የመጣውን ይጥላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስትደብልዩ፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍስሪ የሚባሉት ፕሮግራሞች ዲስኩን ሞልተው መልሰው ያነባሉ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ። ከሻጩ ጋር ስትስማሙ «ካልሞላ እመልሳለሁ» በሉ። እሺ ካላለ አትግዙ።

ያገለገለ ዲስክ አዲስ ተብሎም ይሸጣል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ዲስኩ የሰራበትን ሰዓት ያሳያል፤ ግን ያ ቁጥር ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በ2025 ጀርመን ውስጥ ሰዓታቸው ተሰርዞ እንደ አዲስ የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ተገኝተው ነበር። ያጋለጣቸው ፋርም የሚባለው ሌላው የዲስኩ መዝገብ ነው።

ስንት ቴራ ይበቃል? ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው ፍላክ የተገለበጠ አንድ አልበም 300 ሜጋ ገደማ ነው፤ 1 ቴራ 3,000 አልበም ያህል ይይዛል። ለብዙ ቤት ከበቂ በላይ ነው።

የአማርኛ ነገርም አለ። ዘፈን ወደ ቲቪ የሚላክበት ዲኤልኤንኤ የሚባለው መንገድ በብዙ ናስ ላይ በነጻ ይመጣል፣ ግን ቲቪው የግዕዝ ፊደል ከሌለው ስሙን ሳጥን ሳጥን ያደርገዋል። ናቪድሮምን በስልክ ስትከፍቱ ፊደሉ የስልኩ ነው፣ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ፍለጋው ግን ሀን ከሐ አያስማማም፤ ዘፋኟ «ሐመልማል» ተብላ ተመዝግባ «ሀመልማል» ብላችሁ ብትጽፉ አታገኟትም። ናቪድሮም የሚያምነው የፎልደሩን ስም ሳይሆን በዘፈኑ ፋይል ውስጥ የተጻፈውን ስም (ታግ) ስለሆነ፣ ኤምፒስሪታግ በሚባለው ፕሮግራም አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ ሁሉንም አስተካክሉ። አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ብቻ ነው።

ከቤት ውጭ ለመስማት መሣሪያዎችን በኢንተርኔት በግል የሚያገናኘውን ቴልስኬልን በላፕቶፑና በስልኩ ጫኑ፤ ለግል ነጻ ነው፣ ራውተር መነካካትም አያስፈልግም። በሰከንድ 320 ኪሎቢት የሆነ ዘፈን በሰዓት 144 ሜጋ ይበላል። ናቪድሮም በጉዞ ላይ ወደ 96 ኪሎቢት እንዲያወርደው ካደረጋችሁ 43 ሜጋ ይሆናል። ፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ናስ ልገዛ ነው ካላችሁም አንድ ዓይነት ነገር የሚጻፍባቸው ሁለት ዲስኮች መኖራቸው ቅጂ አለኝ አያሰኝም። በስህተት የተሰረዘ ዘፈን ከሁለቱም ላይ ይሰረዛል። ከካሴት የተገለበጠውን ዳግም አታገኙትምና፣ የተፈተሸ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ እህታችሁ ወይም ወንድማችሁ ቤት አስቀምጡ።