ሳይሸነፉ የተጠናቀቁ ሁለት የውድድር ዘመናት፦ ሴልቲክ 2016/17 ወይስ ሬንጀርስ 2020/21?

በስኮትላንድ ከፍተኛው የእግር ኳስ ሊግ በፕሪሚየርሺፕ ሁለቱ የግላስጎው ባላንጣዎች በየተራቸው 38ቱንም ጨዋታ ሳይሸነፉ ዋንጫ አንስተዋል፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው ጥያቄም ከቁጥር በላይ ማየትን ይጠይቃል።

ማጥቃት፦ የአሰልጣኝ ብሬንዳን ሮጀርስ ሴልቲክ 34 ጊዜ አሸንፎ 106 ነጥብ ሲሰበስብ 106 ግብ አስቆጥሯል። የአሰልጣኝ ስቲቨን ጄራርድ ሬንጀርስ በ32 ድልና በ92 ግብ 102 ነጥብ ይዟል።

መከላከል፦ እዚህ ላይ ሬንጀርስ ያለ ጥርጥር ይልቃል። ሴልቲክ 25 ግብ ሲቆጠርበት ሬንጀርስ የተቆጠረበት 13 ብቻ ነው፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ደጋፊ በሌለበት ስታዲየም እየተጫወተም በሜዳው ያደረጋቸውን 19 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፏል፤ ይህ ለእኔ እጅግ የሚደነቅ ነው።

ሌሎች ዋንጫዎች፦ ሴልቲክ የሊግ ካፑንም የስኮትላንድ ዋንጫንም ወስዷል፤ በስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ አበርዲንን 2 ለ 1 የረታው ቶም ሮጊች በጭማሪ ደቂቃ ባስቆጠራት ግብ ነበር። ሬንጀርስ ግን በአንዱ በሴንት ሚረን፣ በሌላው በሴንት ጆንስተን ተሰናብቷል።

ክብደት፦ ሬንጀርስ እ.ኤ.አ. በ2012 በገንዘብ ቀውስ ወደ አራተኛው እርከን ወርዶ የነበረ ክለብ ሲሆን፣ ይህ ድሉ ሴልቲክ ለ10ኛ ተከታታይ ጊዜ ሻምፒዮን እንዳይሆን አግዷል።

ስለዚህ መለኪያው በአገር ውስጥ የሚገኘውን ዋንጫ ሁሉ መጠቅለል ከሆነ ሴልቲክ ይመረጣል፤ የተከላካይ መስመርን አደረጃጀት ለሚያጠና አሰልጣኝ ወይም ከውድቀት መነሣትን ለሚያስቀድም ተመልካች ግን የሬንጀርስ ዘመን ይበልጥ ይስማማል።